የናንሲ ዊልሰን ቤት የቱ ነው፤ ጃዝ፣ ሶል ወይስ ፖፕ?

ጥያቄ፦ «ናንሲ ዊልሰንን ያወቅኳት በቅርቡ ነው። ድምጿን ወድጄዋለሁ፤ ግን ግራ ገብቶኛል። አንዱ የጃዝ ዘፋኝ ናት ይላል። ሌላው ሶል ውስጥ ይመድባታል። የጃዝ ሰዎች ነን የሚሉት ደግሞ ፖፕ ናት ብለው ያልፏታል። ከ60 በላይ አልበም እንዳላት አንብቤያለሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባል የለ? እውነት የሁሉም ነበረች ወይስ የማንም? ለመጀመርስ የቱን ልስማ?»

ምላሽ፦

ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል። ሥራዬ ድምፅ ማሠልጠን ነው። ተማሪዎቼን አዘውትሬ ከማስደምጣቸው ዘፋኞች አንዷ እሷ ናት። ስለዚህ መልሴ አድልዎ ቢኖረው አይግረምዎ፤ እወዳታለሁ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልበል። ናንሲ ዊልሰን ዘፈን ስትመርጥ የምታየው ታሪኩን ነበር። በዚህ ዘፈን ውስጥ የሚናገረው ማነው? ለማን ነው የሚናገረው? ምን እየደበቀ ነው? ይህ ከገባት አራት ሰው ያለው የጃዝ ባንድም ይሁን ሙሉ የቫዮሊን ሠራዊት ከኋላዋ ቢሰለፍ አይጨንቃትም። አጃቢው ይቀያየራል፤ እሷ የምትሠራው ሥራ ግን ያው ነው። እርስዎ ሁለት ዛፍ ያሉት ለእኔ አንድ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉ ነው የበዛው።

ወደ ታሪኳ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። ኢንተርኔት ላይ ስሟን ሲፈልጉ ሌላ ናንሲ ዊልሰን ትመጣብዎታለች። እሷ «ኸርት» የተባለው የሮክ ባንድ ጊታር ተጫዋች ናት። ጎበዝ ሙዚቀኛ ናት፤ ግን ሌላ ሰው ናት። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደባልቁ የሙዚቃ ማጫወቻዎች ስላሉ ይጠንቀቁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የእኛዋ ናንሲ የተወለደችው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ቺሊኮቲ በምትባል ከተማ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1937 ነው። ከስድስት ልጆች የመጀመሪያዋ ናት። አባቷ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ይሠራ ነበር። እናቷ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሀብት የለም፤ ሸክላ ግን ነበር። አባቷ እየገዛ ያመጣው ነበር። ቤት ውስጥ ናት ኪንግ ኮልን፣ ቢሊ ኤክስታይንን፣ ከላየነል ሃምፕተን ባንድ ጋር የሚዘፍነውን ጂሚ ስኮትን ትሰማለች። ከቤት ስትወጣ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ሳንቲም እየተጎረሰ ከሚዘፍነው ማጫወቻ ዳይና ዋሺንግተንን፣ ሩት ብራውንን፣ ላቨርን ቤከርን ትሰማለች።

እነዚህን ስሞች ልብ ይበሏቸው። ግማሾቹ ዛሬ ጃዝ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ግማሾቹ አር ኤንድ ቢ፣ ማለትም ሶል የወጣበት የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ። ለዚያች ልጅ ግን ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጆሮ የሚሰሙ ዘፋኞች ነበሩ። ሙዚቃውን በየክፍሉ የለያዩት ሸክላ ሻጮችና የሬዲዮ ጣቢያዎች ናቸው። ሰሚው እንደዚያ አልለያየም። ናንሲ «ከጃዝ ወደ ሶል ተሻገረች» ሲባል የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው። መሻገሪያ ድልድይ ያስፈለጋት ጊዜ አልነበረም፤ ስታድግም ሁለቱ አንድ ላይ ነበሩ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የቀረጻት ጂሚ ስኮት ነው። ራሷም ይህን ደጋግማ ተናግራለች። ስኮት እንደ እሷ የኦሃዮ ሰው ነው፤ የክሊቭላንድ ልጅ። አብሮት በተወለደ የጤና ችግር ምክንያት ድምፁ እንደ ጎልማሳ ወንድ ሳይወፍር ቀረ። ብዙ ሰው ሲሰማው ሴት ናት ይላል። ለናንሲ ትምህርት የሆናት ግን የድምፁ ቅጥነት ብቻ አይደለም። ስኮት ከምቱ ኋላ ይቀራል። ባንዱ ምቱን ያስቀምጣል፤ እሱ ገና ቃሉን አልጀመረም። ሰሚው «አሁን፣ አሁን» እያለ ይጠብቃል። ሊረሳው ነው ሲባል ቃሉ ይመጣል። የተጠበቀ ቃል ደግሞ ይከብዳል። ናንሲ ይህን መዘግየት ከልጅነቷ ጀምሮ ለመደችው። ከዳይና ዋሺንግተን ደግሞ ጥርት ያለ አነጋገር ወሰደች። ዳይና ስትዘፍን አንድም ፊደል አይዋጥም። የሁለቱን መዘግየትና ጥራት አንድ ላይ ያድርጉት፤ የናንሲ ዊልሰን አዘፋፈን መነሻ ይህ ነው።

ቤተሰቡ ወደ ኮለምበስ ሄደ። እዚያ በ15 ዓመቷ የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ የተሰጥኦ ውድድር አሸነፈች። ሽልማቱ «ስካይላይን ሜሎዲስ» በተባለ ፕሮግራም ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ መዝፈን ነበር። ትንሽ ቆይታ ፕሮግራሙን ራሷ መምራት ጀመረች። ሁለተኛ ደረጃ ጨረሰች። አስተማሪ ልሁን ብላ ሴንትራል ስቴት ኮሌጅ ገባች፤ አንድ ዓመት ተምራ ተወችው። ከ1956 እስከ 1958 ከሳክስፎን ተጫዋቹ ረስቲ ብራያንት ባንድ ጋር በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካና በካናዳ ዞረች። ባንድ ተከትሎ በየከተማው መዞር ለዘፋኝ ትልቁ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ምሽት ዳንስ የሚፈልግ ሕዝብ ነው፤ በማግስቱ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ። ለሁለቱም መዝፈን አለብዎት።

በዚህ መሃል አልቶ ሳክስፎን ተጫዋቹን ካነንቦል አደርሊን አገኘችው። ኒው ዮርክ ግቢ አላት። በ1959 ገባች። ስትገባ ሁለት ነገር ቆርጣ ነው፤ ማናጀሬ ጆን ሌቪ ይሆናል፣ ሸክላዬን የሚያሳትመው ካፒቶል ይሆናል። በ22 ዓመቷ እንዲህ አጥርታ የምታውቅ ዘፋኝ ብርቅ ናት። ቀን ቀን በኒው ዮርክ ኢንስቲትዩት ኦቭ ቴክኖሎጂ ጸሐፊ ሆና ሠራች። አንድ ምሽት ብሮንክስ ውስጥ ብሉ ሞሮኮ የተባለ ክለብ በቀረች ዘፋኝ ምትክ ጠራት። ወደዷት፤ በሳምንት አራት ምሽት ቀጠሯት። ጆን ሌቪ መጥቶ የሰማት እዚያ ነው።

ስለ ሌቪ ትንሽ ልበል፤ ያለ እሱ ይህ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። ሌቪ መጀመሪያ ቤዝ ተጫዋች ነበር። ከፒያኒስቱ ጆርጅ ሺሪንግ ጋር ሲጫወት ቆይቶ ማናጀርነት ውስጥ ገባ። በዚያ ዘመን በጃዝ ውስጥ ጥቁር ማናጀር ማየት ብርቅ ነበር። እሱ ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ሆነ። መድረክ ላይ ቆሞ ያውቃልና የሙዚቀኛ ድካም ይገባዋል። ናሙና ቀርጾ ለካፒቶል ላከ። ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ፈረመ። የመጀመሪያ አልበሟ በ1960 ወጣ፤ ያቀናበረው ቢሊ ሜይ ነው። ከአፕሪል 1960 እስከ ጁላይ 1962 ባለው ጊዜ ካፒቶል አምስት አልበም አወጣላት።

አሁን ወደ አንድ ዘፈን ጠጋ ብለን እንይ። በዚያው በ1960 በወጣው ሁለተኛ አልበሟ ውስጥ ያለው «ጌስ ሁ አይ ሶ ቱዴይ» ነው። ዛሬ ማንን እንዳየሁ ገምት ማለት ነው። ዜማው የመረይ ግራንድ፣ ግጥሙ የኤሊስ ቦይድ ሲሆን የተጻፈው በ1952 በብሮድዌይ፣ ማለትም በኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር፣ ለቀረበ የሙዚቃ ትርዒት ነው። ከእሷ በፊትም ተዘፍኗል። ግን የእሷ ሆኖ ቀረ።

የምትናገረው ሚስት ናት። ባሏ ከቢሮ አምሽቶ ገብቷል። ባቡር አመለጠህ? ዝናብ ያዘህ? ትለዋለች። መልሱን ግን አትጠብቅም፤ ተወው ትለዋለች። መጠጥ ልቅዳልህ፣ እኔም እጠጣለሁ፣ የእኔም ቀን ቀላል አልነበረም። ከዚያ ውሎዋን ትተርካለች። ዕቃ ልትገዛ ከተማ ወጥታ ነበር። ራባትና አንዲት የፈረንሳይ ካፌ ገባች። ጨለም ያለ ጥግ ሰጧት። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ሁለት ሰዎች አየች። በፍቅር ሰክረዋል፤ ሌላ ሰው መኖሩንም ረስተዋል። ዛሬ ማንን እንዳየሁ ገምት? ዘፈኑ የሚያልቀው በመልሱ ነው፤ አንተን ነው ያየሁት።

ይህንን ለጀማሪ ዘፋኝ ይስጡትና ይስሙ። ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ማልቀስ ይጀምራል፤ መጨረሻውን ያውቀዋላ። ናንሲ ግን እንደማታውቅ ሆና ትጀምራለች። የመጠጡን ነገር ስትናገር የእውነት የመጠጥ ነገር ነው፤ ዜማው እንኳን ከወሬ ብዙ አይርቅም። ከምቱ ኋላ ትንሽ ትቀራለች፤ ሐሳቧን እየሰበሰበች ያለች ሴት ትመስላለች። ካፌው ጋ ስትደርስ ድምጿን አትጨምርም፤ ቃሉን ነው የምታቀዘቅዘው። ጥያቄውን ደጋግማ ስትጠይቅ ግን ድምጿ ከወሬነት እየወጣ ዘፈን ይሆናል። ሰሚው መልሱን የሚያውቀው እሷ ከመናገሯ ከአንድ እስትንፋስ በፊት ነው። የሚያመውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህን ምን እንበለው? ቅጽበታዊ ፈጠራ ስለሌለበት ጥብቅ የጃዝ ሰው ጃዝ አይለውም። ወገብ የሚያንቀሳቅስ ምት የለውም፤ ሶል ለማለትም ይቸግራል። ግን መዘግየቱ ከጃዝ መድረክ የመጣ ነው፤ ሕመሙ ከብሉዝ የመጣ ነው፤ ግጥሙ ደግሞ የብሮድዌይ ነው። ሦስቱም በአንዲት ሴት አፍ ውስጥ አሉ።

ጃዝ አትችልም የሚል ካለ ደግሞ በ1962 ከካነንቦል አደርሊ ጋር ያወጣችውን አልበም ያስሙት። ስሙ የሁለቱ ስም ነው፤ ሌላ ርዕስ የለውም። ካነንቦል አልቶ ሳክስፎን፣ ወንድሙ ናት አደርሊ ኮርኔት (ትንሽ ትራምፔት)፣ ጆ ዛዊኑል ፒያኖ፣ ሳም ጆንስ ቤዝ፣ ሉዊስ ሄይስ ድራም። በጊዜው ከነበሩት ጠንካራ ባንዶች አንዱ ነው። ከዘፈኖቹ ስድስቱ ላይ ናንሲ አለች፤ የቀሩትን ባንዱ ብቻውን ይጫወታል። ኩባንያው በቫዮሊን ሊያስውበው ይችል ነበር፤ አላደረገውም። አምስት ሰውና አንዲት ዘፋኝ ናቸው።

ከዚህ አልበም «ሴቭ ዩር ላቭ ፎር ሚ» የሚለው በጣም ተወደደ። የባዲ ጆንሰን ድርሰት ነው፤ ዝግ ያለ፣ የብሉዝ ጠረን ያለው ልመና። በአር ኤንድ ቢ የተወዳጅነት ሠንጠረዥ 11ኛ ድረስ ወጣ። የጃዝ ባንድ የተጫወተው፣ ከጃዝ አልበም የወጣ ዘፈን ነው፤ የገዛው ግን የአር ኤንድ ቢ ሰሚ ነው። በዚያው አልበም ላይ ደግሞ ከብሮድዌይ ትርዒቶች የተወሰዱ እንደ «ኔቨር ዊል አይ ሜሪ» እና «ሃፒ ቶክ» ያሉ ዘፈኖች አሉ። ልብ ብለው ቢሰሙ ናንሲ እንደ አንድ ተጨማሪ የትንፋሽ መሣሪያ ነው የምትገባው። ሳክስፎኑ ሲናገር ዝም ትላለች፤ ስትመለስ እሱ ያቆመበትን ታነሳለች። ስካት፣ ማለትም ያለ ቃል በድምፅ ብቻ መዝፈን፣ አታበዛም። ቃል ያላት ሰው ቃል መጣል አትወድም።

በ1964 «ሃው ግላድ አይ አም» መጣ። በአሜሪካ የፖፕ ሠንጠረዥ 11ኛ ሆነ። በ1965 የመጀመሪያውን ግራሚዋን አስገኘላት፤ ምድቡ አር ኤንድ ቢ ነበር። ይህ ዘፈን ከቀደመው ፍጹም ይለያል። ታሪክ የለውም። ፍቅሬ እንዲህ ነው፣ ፍቅሬ እንዲያ ነው እያለ የሚደራርብ ምስክርነት ነው። የጎስፔል፣ የጥቁር አሜሪካውያን የቤተክርስቲያን መዝሙር፣ ልብ አለው። አደጋውም እዚያ ነው፤ ተመሳሳይ ስንኝ ሲደጋገም ይሰለቻል። እሷ ምን ታደርጋለች? ለእያንዳንዱ ስንኝ ሌላ ክብደት ትሰጠዋለች፤ ጉልበቷን ደግሞ አስቀርታ ትሄዳለች። ከላይኛው ድምጿ ውስጥ ያለችውን ያቺን ሹል ጩኸት ሲያስፈልግ ብቻ ታወጣታለች። እዚህ ላይ ሶል ዘፋኝ አይደለችም የሚል ካለ እኔ አልከራከረውም፤ ዘፈኑን ደግሞ ይስማው።

በጄራልድ ዊልሰን ቅንብር የሠራችው አልበም በ1964 ቢልቦርድ በተባለው የሙዚቃ መጽሔት የአልበም ሠንጠረዥ 4ኛ ድረስ ደርሷል። ርዕሱ የትናንት የፍቅር ዘፈኖችና የዛሬ ብሉዝ የሚል ትርጉም አለው። በነዚያ ዓመታት ከካፒቶል ዘፋኞች ከቢትልስ ቀጥሎ በብዛት ትሸጥ እንደነበር ይነገራል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኮኮናት ግሮቭ በተባለው ታዋቂ አዳራሽ ስትዘፍን የተቀረጸው አልበም በ1965 ወጣ፤ ከሕዝብ ፊት ምን እንደምትመስል ለማወቅ እሱን ይስሙ። ቴሌቪዥን ላይም የራሷ ፕሮግራም ነበራት፤ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማትም አግኝታበታለች። ድራማዎች ላይም ተውናለች። ያ ዘመን ጥቁር ሴት በክብር ለብሳ፣ የቤት ሠራተኛ ሳትሆን፣ በአሜሪካ ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ ስትታይ ዜና የሚሆንበት ዘመን ነበር። በ1965 ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ በተደረገው የሲቪል መብት ሰልፍ ላይም ተሳትፋለች።

ታዲያ ይህቺን የመሰለች ሰው የጃዝ ሰዎች ለምን ያልፏታል?

ለእኔ ምክንያቱ ሦስት ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ያናድደኛል። መጀመሪያ፣ ተቺዎች ጃዝ ዘፋኝን የሚለኩት በስካትና ዜማን በማፈራረስ ነው። ናንሲ ዜማውን ታከብራለች። ለውጧ በጊዜና በቃል ክብደት ላይ ነው፤ ለመስማት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ በጣም ብዙ ቀዳች። ካፒቶል በዓመት ሁለት ሦስት አልበም ሲያወጣ የሰሞኑ ተወዳጅ ዘፈን ሁሉ ይቀዳል። አንዳንዱ ለእሷ አይመጥንም፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ከ60 በላይ አልበም ውስጥ ደካማውን ቀድሞ ያገኘ ሰው ፖፕ ናት ብሎ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ሦስተኛው፣ መከራ የለባትም። ስለ ጃዝና ሶል ሴቶች ሲወራ ሰው የሚፈልገው ሱስ፣ እስር፣ ያለ ዕድሜ ሞት ነው። ናንሲ በሰዓቷ የምትገኝ፣ ከአንድ ማናጀር ጋር አሥርት ዓመታት የሠራች፣ ልጆቿን ያሳደገች ሰው ናት። የመጀመሪያ ትዳሯ ከድራመር ኬኒ ዴኒስ ጋር ነበር፤ በ1970 ተፋቱ። በ1973 እንደገና አግብታ ባሏ በ2008 እስኪሞት አብረው ኖሩ። ይህ ሕይወት ፊልም አይወጣውም። ግን ሥርዓት ያለው ሕይወት ጥልቀት የለውም ያለው ማነው? ያንን የካፌ ዘፈን የዘፈነችው በ23 ዓመቷ ነው። ሕመሙን ኖራው ሳይሆን አስተውላው ነው ያመጣችው። ለእኔ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ተማሪዎቼም ለማዘን መጎዳት አለብኝ ብለው እንዳያምኑ እፈልጋለሁ።

ሰባዎቹ የሶል ዘመኗ ናቸው። በ1970 በወጣ አልበም ከፊላደልፊያዎቹ የሶል ዘፈን ደራሲዎች ከጋምብልና ሃፍ ዘፈን ወሰደች። በ1974 የስቲቪ ወንደርን «ኦል ኢን ላቭ ኢዝ ፌር» የአልበሟ ርዕስ አደረገች፤ ቅንብሩ የጂን ፔጅ ነው። ዘመናዊ ምት፣ ኤሌክትሪክ ቤዝ፣ ለስላሳ የቫዮሊን ድምፅ። ብዙዎች ይህን ጊዜ አይወዱትም። እኔ ግን በዚህ ጊዜ ያለችው ናንሲ ትልቅ ሴት ናት፤ ድምጿ ወርዷል፣ ወፍሯል። የቃሉ ጥራት ያው ነው። በ1980 ገደማ፣ ከ20 ዓመት በኋላ፣ ከካፒቶል ተለያየች።

ከዚያ ወዲህ ያለው አንድ ነገር በተለይ ለእኔ ሙያ ያስደስተኛል። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች አሠራር ተለውጦ ነበር። ባንዱ ሰኞ ይቀዳል፤ ዘፋኙ በሌላ ቀን ብቻውን ገብቶ ይዘፍናል። ከአሥር ሙከራ ጥሩ ጥሩው ተቆርጦ ይቀጠላል። ናንሲ ይህን አልወደደችውም። ተቆርጦ ለሚቀጠል ቀረጻ አልዘፍንም አለች። ከባንዱ ጋር በአንድ ክፍል ቆማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመዝፈን የሚፈቅዱላት የጃፓን ኩባንያዎች ስለነበሩ ወደ እነሱ ሄደች፤ በሰማንያዎቹም ለነሱ በርካታ አልበም ሠራች። በ1983 የቶኪዮ የዘፈን ፌስቲቫልንም አሸንፋለች።

ይህ ግትርነት ሊመስል ይችላል፤ ከአዘፋፈኗ አንጻር ግን ግድ ነው። ታሪክ የምትናገር ሰው የሦስተኛውን ስንኝ ድምፅ የምታውቀው ሁለተኛውን እንዴት እንዳለችው ሲታወሳት ነው። ያንን የካፌ ዘፈን በቁርጥራጭ ይቅዱት፤ ማስታወቂያ ይሆናል። ከምቱ ኋላ መቅረትም እንዲሁ ነው። ወደ ኋላ ለመቅረት ከፊት የሚሄድ ሕያው ሰው ያስፈልጋል። ድራመሩ ያያታል፣ ታየዋለች፣ ይጠብቃታል። ቀድሞ ከተቀዳ ድራም ጋር ይህ አይሆንም።

በ1984 ከፒያኒስቱ ራምሴይ ሉዊስ ጋር አንድ አልበም አላት። በ1991 ደግሞ የግጥም ጸሐፊው ጆኒ መርሰር ሳይዘፈኑ ትቷቸው ለሞቱ ግጥሞች ባሪ ማኒሎው ዜማ ሠርቶላቸው እሷ ዘፈነቻቸው። ሐሳቡ ከውጤቱ ይበልጣል፤ ግን ቃል ለምትወድ ዘፋኝ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም።

በ1996 የአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ ኤንፒአር «ጃዝ ፕሮፋይልስ» የተባለውን ፕሮግራም እንድትመራ አደረጋት፤ እስከ 2005 ድረስ ቆየችበት። የጃዝ ታላላቆችን ሕይወት በዚያ በሚታወቀው ድምጿ ተረከች። ፕሮግራሙ በ2001 የፒቦዲ ሽልማት አገኘ። በ2004 የጃዝ ሊቅ የሚለውን፣ በአሜሪካ ለጃዝ ሰው የሚሰጠውን ትልቁን መንግሥታዊ ክብር ተቀበለች። ከዚያ ፒትስበርግ ካለ ለትርፍ ከማይሠራ ድርጅት ጋር የሠራቻቸው ሁለት አልበሞች፣ በ2005 እና በ2007፣ የጃዝ ድምፅ አልበም ግራሚ አሸነፉ። በ1965 አር ኤንድ ቢ ያላት የግራሚ መድረክ ከ40 ዓመት በኋላ ጃዝ አላት ማለት ነው። ጥያቄዎን እነሱም ሲጠይቁት የኖሩ ይመስለኛል። ራሷ ግን የጃዝ ዘፋኝ መባልን አትመርጥም ነበር፤ ዘፈኑን በራሴ መንገድ የማቀርብ ሰው ነኝ ትል ነበር።

የመጨረሻ ዝግጅቷን ያቀረበችው በሴፕቴምበር 2011 በተወለደችበት በኦሃዮ ግዛት፣ አቴንስ በተባለች ከተማ ነው። ያረፈችው ዲሴምበር 13 ቀን 2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓይነርታውን በሚገኘው ቤቷ ነው። 81 ዓመቷ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ የቱን ልስማ ላሉት። «ምርጥ ዘፈኖች» ከሚሉ ስብስቦች አይጀምሩ። በዚያ ሁሉም ዓይነት ተደባልቆ ስለሚመጣ ግራ መጋባትዎ ይብሳል። መጀመሪያ ከካነንቦል ጋር ያለውን አልበም ከዳር እስከ ዳር ይስሙት፤ ናንሲ የሌለችባቸውንም አይዝለሉ። ባንዱ ብቻውን ሲጫወት ለምን ቦታ እንደሚተውላት የሚገባዎት ያኔ ነው። ቀጥሎ «ጌስ ሁ አይ ሶ ቱዴይ»ን ሁለት ጊዜ ይስሙ፤ አንዴ ለታሪኩ፣ አንዴ ለትንፋሿ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት ግጥሙን ፊትዎ ያድርጉ። ይህ ዘፈን ያለ ቃሉ ግማሽ ነው።

ከዚያ በ1971 የወጣው «በት ቢውቲፉል» አለ። ፒያኖው ሃንክ ጆንስ፣ ቤዙ ሮን ካርተር ነው። ትንሽ ባንድ፣ ዝግ ያሉ ዘፈኖች። ሶል ውስጥ ነች በሚባልበት ሰዓት የወጣ አልበም መሆኑን እያሰቡ ይስሙት። በአንጻሩ «ኦል ኢን ላቭ ኢዝ ፌር»ን ያስከትሉ። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ካለዎት ይጠቀሙ፤ የቃል መጨረሻዎቿ ላይ ያለው ትንሽ መንቀጥቀጥ በስልክ ድምፅ ማውጫ ይጠፋል። ሁለቱን ከሰሙ በኋላ የትኛዋ ናንሲ ለጆሮዎ እንደቀረበች ይጻፉልኝ፤ ቀጣዩን በዚያ እመርጥልዎታለሁ።